ከኋላ ማን ይቀመጣል?

በ2017 ዓ.ም. የሰኔ ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሸቤ ቤታችን ቡና ተፈልቶ አቦሉ ገና ሳይቀዳ ጠብ ተነሣ። የጠቡ ምክንያት መኪና ነበር። ሦስቱ ልጆቻችን ተመካክረው ለእኔና ለአባታቸው አንድ ያገለገለ መኪና ሊገዙልን ገንዘብ አዋጥተዋል። ገንዘቡ ለአንድ መኪና ይበቃል። የትኛው መኪና ይሁን ሲባል ግን ሦስት ሰው ሦስት ሐሳብ ይዞ ተነሣ።

ባለቤቴ «ፒካፕ ካልሆነ ይቅርብኝ» አለ። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው የሚፈልገው። ትልቁ ልጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበርና «አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ጆንያ ስትቆጥር ኖርክ፤ አሁን እንኳ እንደ ሰው ተመችቶህ ተቀመጥ» ብሎ ላንድክሩዘር ፕራዶን አመጣ። ትንሹ ልጄ ደግሞ ከውጭ አገር በስልክ «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ለሸቤ ጭቃ አሮጌ ሃርድቶፕ ነው» አለ። ሴቷ ልጄ ዝም አለች። የእሷ ሦስት ልጆች ናቸው እኛ ዘንድ የሚያድጉት፤ እሷና ባሏ ጅማ ይሠራሉ፣ ልጆቹ ዓርብ ማታ ወደ ጅማ ሄደው እሑድ ማታ ይመለሳሉ። በመጨረሻ ባለቤቴ ሲኒውን አስቀምጦ «እንግዲህ ሲስተር ትፍረድ» አለ። ሰው ሁሉ ሲስተር ስለሚለኝ እሱም ሊቀልድብኝ ሲፈልግ እንደዚያ ይጠራኛል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ መዝገብ ስሞላ ኖሬአለሁ። ሳላይ አልፈርድም አልኩ። አንድ ደብተር አወጣሁና ለአንድ ወር ከቤታችን የወጣውን ጉዞ ሁሉ መዘገብኩ፦ ቀኑን፣ ማን ወይም ምን እንደተጓዘ፣ ከየት ወዴት፣ በምን። በባጃጅም፣ በሚኒባስም፣ በሰው መኪናም፣ ሁሉንም። የቡናው ጭነት በሰኔ ስለሌለ የባለቤቴን የዓምናውን የቡና ደብተር ተውሼ ከጎኑ አስቀመጥኩ።

ወሩ ሲያልቅ 41 ጉዞ ተመዝግቦ ነበር። 26ቱ ልጆቹ ያሉበት ነው። 9ኙ የገበያ፣ የማዳበሪያና የሲሚንቶ፤ 4ቱ የታመመ ሰው፤ 2ቱ የለቅሶ። የቡናው ደብተር ደግሞ ከባዱ ጭነት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ብቻ መሆኑን አሳየ። ባለቤቴ ደብተሩን ገልብጦ ገልብጦ «ቡናው ባይኖር ግን መኪናውን ማን ነዳጅ ይሞላዋል?» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ መንገዱን ላሳይ። ሸቤ ከጅማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከጅማ ተነሥቶ በሰቃ በኩል ሸቤን አልፎ፣ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚወርደው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ትንሽ የቤት መኪናም ይበቃው ነበር። የእኛ ቡና ግን ያለው ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ በለጠ ደን በሚወስደው የአፈር መንገድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናቡ አያቋርጥም ማለት ይቻላል። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ሳሙና ነው። ስለዚህ በአራቱም ጎማ የሚስብ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልገናል በሚለው ሦስቱም ወንዶች ይስማማሉ። እኔም።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ነገርኳቸው።

በ1982 ዓ.ም. ነው። ያኔ በዚህ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ወጣት ነርስ ነበርኩ። አምቡላንስ የሚባል ነገር ለየወረዳው የተዳረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ በሰው ትከሻ ትመጣለች፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር የላከውን መኪና መጠበቅ ነው። አንዲት ሴት ሁለት ቀን አምጣ አምጣ አመጧት። እኛ ዘንድ ኦፕራሲዮን የለም። አንድ የቡና ነጋዴ ፒካፑን ሰጠን። ጋቢናው አንድ ረድፍ ብቻ ስለነበረ ካሶኒው ላይ ፍራሽ ዘርግተን አስተኛናት፤ ዝናብ ነበረና ላስቲክ አለበስናት። እኔ ግሉኮሱን በአንድ እጄ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ታናሽ ወንድሟ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ እህቴን አልለይም ብሎ ተንጠልጥሎ ወጣ። ነፋሱ ላስቲኩን ሲገልጠው «ና አንተ፣ ጫፉን ይዘህ እዚህ ስፖንዳው ላይ ተቀመጥ» አልኩት። ልጁ ታዘዘኝ።

መንገዱ ጠጠር ነበር። ሰቃ ሳንደርስ አንድ መታጠፊያ ላይ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። መኪናው አልተገለበጠም፣ ከመንገድም አልወጣም። ዘለል ብሎ ተመለሰ፤ ያ ብቻ ነው። ቀና ስል ስፖንዳው ላይ ማንም የለም።

እህቱ ጅማ ደርሳ ተቀደደች፣ እሷም ሕፃኑም ተረፉ። ልጁ ጅማ ሳንገባ እጄ ላይ ሞተ። ሹፌሩን የወቀሰው የለም፤ እኔንም የወቀሰኝ የለም። «የአላህ ውሳኔ ነው» አሉኝ፣ እንዲያውም አመሰገኑኝ። እዚያ ቦታ ተቀመጥ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ በዚያ መታጠፊያ ሳልፍ መስኮቱን አላይም።

ይህን ስነግራቸው ትልቁ ልጄ «በቃ፣ ፒካፕ ቀረ» አለ። ባለቤቴ ዝም አለ። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም፤ ሦስቱንም መኪናዎች እንደ በሽተኛ አንድ በአንድ መመርመር ነበረብኝ።

ሃርድቶፑን ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ቅርጹን ብዙም ሳይለውጥ ይሠራዋል። በጤና ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ክትባት ያደረስነው፣ ወረርሽኝ ላይ የወጣነው፣ አሁንም በየወረዳው ያሉት ብዙዎቹ አምቡላንሶች እሱው ናቸው። ጭቃ አይበግረውም፣ ሜዳ ላይ የሚጠግነው መካኒክ አይጠፋም። ለወላድ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከኋላ እግሯን ዘርግታ ትተኛለች፣ አጠገቧ ነርስ ትቀመጣለች። ለልጅ ልጆቼ ግን ከሦስቱ የባሰው ሆኖ አገኘሁት። ከኋላ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። ሰው ወደ ጎን ነው የሚቀመጠው። በብዙዎቹ አሮጌ ሃርድቶፖች ለነዚያ ወንበሮች ቀበቶ የለም፤ ቢኖርም ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው። የሕፃን መቀመጫ ደግሞ ወደ ጎን በሚያይ ወንበር ላይ አይታሰርም። መኪናው ድንገት ሲቆም ልጆቹ እንደ ድንች ወደ ፊት ይንከባለላሉ። ብረቱ ጠንካራ ነው ማለት ውስጡ ያለው ልጅ ተጠበቀ ማለት እንዳልሆነ ለትንሹ ልጄ ለማስረዳት ሁለት የስልክ ካርድ ጨረስኩ።

ፕራዶ ለሰው የተሠራ ነው። ሁሉም ወንበር ወደ ፊት ያያል፣ ቀበቶው በትከሻና በወገብ ያልፋል፣ ከኋላ ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ስላለው የባለቤቴን ወገብ አያንገላታም። ቁመቱም አጠር ያለ ነው፦ ባለ ሁለት መቶ ቁጥር ታናሹ፣ ማለትም 150 የሚባለው ፕራዶ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.79 ሜትር ሲሆን የቅርብ ጊዜው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ 3.08 ሜትር ነው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ምንም አይመስልም፤ ጠባብ የቡና መንገድ ላይ መዞር ሲያስፈልግ ወይም ጉብታ ላይ ሆዱ ሲሰቀል ግን ይታወቃል። ችግሩ ጭነቱ ነው። እኛ ቤት መኪና ገብቶ ጆንያ አይጫንበትም ማለት ዘበት ነው። እሸት ቡና፣ ማዳበሪያ፣ ናፍጣ፣ ሁሉም ልጆቹ ከሚተነፍሱበት ክፍል ሊገባ ነው። ከሽታው ይልቅ የሚያስፈራኝ ክብደቱ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ሲቆም ከኋላ ያለው ያልታሰረ ጆንያ አይቆምም፤ በዚያው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል፣ በመካከሉ ያለው ደግሞ የልጁ ጭንቅላት ነው።

ፒካፑ ይህን አንድ ነገር ይፈታል። በጭነቱና በሰው መካከል ብረት አለ። ደብል ጋቢና ከሆነ ከኋላ ወንበሩ ሦስት ልጅ ወደ ፊት እያየ፣ ታስሮ ይቀመጣል። አንድ ቶን ገደማ ይሸከማል፣ አሥር ኩንታል ማለት ነው። ባዶውን ሲሆን ግን ጭራው ይቀልላል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ይንሸራተታል፣ ጉድጓድ ላይ ይፈናጠራል። የዚያን ልጅ ነገር ያደረሰውም ይኸው መፈናጠር ነው። በዚያ ላይ ክፍት ካሶኒ ያለው መኪና በእንደኛ ዓይነት ከተማ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። «እስከዚያች ድረስ» የሚል አይጠፋም። ሕፃናት ሲያዩት ይወጡበታል። ለቅሶ ሲሆን መንደሩ ሁሉ ይሰቀልበታል። እኔም ፒካፕ የፈራሁት መኪናውን ፈርቼ ሳይሆን እምቢ ማለት ስለማልችል ነው።

ቁጥሩንም ልጨምር፣ የሙያ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላለው ልጅና ወጣት ደግሞ ከማንኛውም በሽታ ቀድሞ የሚገድለው ይኸው ነው። እኛ አያቶች ለወባ አጎበር እንሰቅላለን፣ ለኩፍኝ እናስከትባለን፣ ከዚያ ልጁን ጭናችን ላይ አስቀምጠን ጋቢና እንገባለን። ጭን ላይ ያለ ሕፃን በግጭት ጊዜ በእጅ አይያዝም፤ ጉልበት ያለው አባትም አይችልም። ይህን የምለው ራሴም ልጆቼን ሁሉ በጭኔ ይዤ ያሳደግኩ ሆኜ ነው።

ስለዚህ ፈረድኩ፦ ፒካፑ ይገዛ፣ ነገር ግን ካሶኒው ላይ ሰው እንዳይወጣ። አንድም ሰው። ታማሚም፣ ለቀስተኛም፣ የቡና ለቃሚም ቢሆን። ባለቤቴ ቶሎ ተስማማ፤ መኪናውን አገኘ እንጂ ምን ቸገረው። ቃሉን የምትጠብቀው እኔ እንደምሆን ያኔ አልገባኝም።

ግዢው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን ከገለጸ ወዲህ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ በኋላ፣ አሮጌ መኪና እንደ ወይን ጠጅ ሲያረጅ የሚወደድ ሆኗል። የኤሌክትሪክ ይሁን ያለም ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ስልካችንን የት እንደምንሞላ የሚጨነቁ ሰዎች ዘንድ ገና ነው አልኩት።

ልጄ አዲስ አበባ ሰባት ፒካፕ አየ። መካኒካችን በስልክ የነገረው ጠቀመን። መጀመሪያ ከመኪናው ሥር ገብተህ ሻንሲውን ተመልከት አለው፤ ከካሶኒው በታች የተበየደ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ተወው። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ከተጨመረበት ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የኖረ ነው። አንዱን የጣልነው በዚህ ነው፤ ውጪው እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። ሌላውን የጣልነው በወረቀቱ፦ ከአንድ ፕሮጀክት የወጣ ሆኖ ከቀረጥ ነፃ የገባ፣ ቀረጡ ያልተከፈለበት። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው ስሙን ሊያዞር ሲሄድ ነው ዕዳው የሚመጣበት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

የእኔ ትእዛዝ አንድ ነበር፦ የኋላውን ሦስት ቀበቶ ጎትት። በዝግታ ሲጎተት መምጣት፣ ድንገት ሲጎተት መያዝ አለበት። ከሰባቱ በሁለቱ የኋላ ቀበቶዎች ከወንበሩ ሥር ተቀብረው ነበር፤ በአንዱ መሐለኛው ጭራሽ ተቆርጧል። ሻጩ «እናንተ ወንበር ልትገዙ ነው ወይስ መኪና?» ብሎ ስቆበታል አሉ። ወንበር ልንገዛ ነበር።

መኪናው በጥቅምት መጣ፣ ለቡናው ደረሰ። ለሦስት ዓመቷ ልጅ ትንሹ ልጄ የሕፃን መቀመጫ ላከ፤ የስድስት ዓመቱ ከፍ በሚያደርግ መቀመጫ፣ የዘጠኝ ዓመቷ በቀበቶ ብቻ። መሐል ላይ አያት ልትቀመጥ ብትፈልግ ቦታ የለም፤ ጋቢና ከፊት ነኝ። ሌላም ልማድ ጀመርን። ከፍ ያለ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ከበስተኋላው የቆመ ትንሽ ልጅ ለሹፌሩ አይታየውም፤ ስለዚህ ባለቤቴ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ሦስቱም ልጆች በረንዳው ላይ መቆማቸውን እቆጥራለሁ። «ሦስት!» ካላልኩ ቁልፉ አይዞርም። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን ትንሿ ራሷ «ሦስት!» እያለች ትጮሃለች፣ አንዳንዴ ብቻዋን ቆማ።

ካሶኒው ጉዳይ ግን ዋጋ አስከፍሎናል። በኅዳር፣ ጎረቤታችን ሀጂ ዘመዳቸው ሞተባቸው፤ ቀብሩ በገጠር ነው። ሰው ደጃችን ተሰበሰበ። አሥራ ሁለት ሰው ካሶኒው ላይ ሊወጣ ነው፣ ከነሱ ውስጥ ልጆች አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይሆንም አልኩ። ከኋላ ወንበር አራት አዛውንት እንወስዳለን፣ ተመልሰንም እንወስዳለን፣ ካሶኒው ላይ ግን ሰው አይወጣም። እንዲህ ያለ ነገር ሸቤ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። «ለቡና ቦታ አላት፣ ለሰው የላትም» አለች አንዷ፣ እንድሰማት ነው የተናገረችው። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አደረሳቸው፤ ናፍጣው በኛ። ቢሆንም ሀጂ ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ መለሱ። አርባ ዓመት ቡና የተጠራራን ሰዎች ነን። አንዳንድ ማታ ለምን ፕራዶውን አላልኩም እያልኩ ተንገበገብኩ፤ ካሶኒ የሌለው መኪና እምቢታውን ራሱ ይልልኝ ነበር።

በጥር አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሩ ተመታ። ሀጂ ናቸው። የልጃቸው ሚስት ምጥ ይዟታል፣ ደም አለ። የወረዳው አምቡላንስ ሌላ ሰው ይዞ ወጥቷል። ባለቤቴ ሱሪውን ሳያስር ቁልፉን አነሣ። የልጆቹን መቀመጫዎች ፈትቼ አወጣሁ፤ ልጅቷን ከኋላ ወንበር በግራ ጎኗ አስተኛናት፣ ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ፣ እኔ ከፊት ወደ ኋላ ዞሬ እጇን ይዤ። ሁለት ወንድሞቿ ካሶኒው ላይ ዘለው ወጡ። አፌን ሳልከፍት ሀጂ በባትሪ ፊታቸው ላይ አበሩባቸው። «ውረዱ፤ ይህች ሴትዮ አታስነሣም፣ ጊዜ አትፍጁ። በሞተር ተከተሉ» አሉ፣ በቁጣ።

ጅማ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል በሰዓቱ ደረስን። ወንድ ልጅ ነው፣ ደህና ነው፤ እናቱም ደህና ናት። ልጅቷ ግን ረጅም ናት፣ የደብል ጋቢና የኋላ ወንበር አልበቃትም፤ 50 ኪሎ ሜትር ጉልበቷን እንዳጠፈች ሄደች። በየመታጠፊያው እግሯ በሩን ሲመታ እሰማው ነበር። ሃርድቶፕ ቢሆን ትዘረጋው ነበር።